ከአዘዞ ፒያሳ በሳይክል፤ ያስመረጡኝን ሰው ላመስግን

«ሳይክል ለባሕር ዳር ነው፤ ጎንደር ዳገት ናት» ያላለኝ ሰው የለም። እናቴ ብላኛለች። የሥራ ባልደረቦቼ ብለውኛል። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬ ስላልተሳካልኝ አምኜው ነበር። ዛሬ ግን ከአዘዞ ፒያሳ በሳይክል ስመላለስ ስምንት ወር ሞላኝ። ለዚህ ያበቁኝ አንድ ሳይክል ሠሪ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ምስጋናዬን ግን ሰው ሁሉ ይስማልኝ።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ። ካቻምና ከአንድ ሱቅ አዲስ ሳይክል ገዝቼ ነበር። ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ዲስክ ፍሬን። ሻጩ «ማውንቴን ማለት ይኼ ነው» አለኝ። ከፈልኩና ወሰድኩ። መንገዴ ላይ ያለው ማራኪ ሰፈር ሳልደርስ ትንፋሼ ያልቅ ነበር። ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር የኋላው ሞላ ይሰምጣል። ጉልበቴ ጎማውን ማዞሩ ቀርቶ ሞላውን ሲጫን ይውላል። ሁለት ወር ሳይሞላው ፍሬኑ መጮህ ጀመረ። ካምቢዮው አልገባ አለ። ወደ ሱቁ ስወስደው «አነዳድሽ ነው» ተባልኩ። ከገዛሁበት በግማሽ ዋጋ ሸጥኩትና ወደ ባጃጅ ተመለስኩ።

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ቤቴ አዘዞ ነው። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ተሳፋሪው ተሰልፎ፣ ባጃጁም ተሰልፎ ነው የሚውለው። ከደመወዜ ትልቁን የሚወስደው ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ትራንስፖርት ሆነ። እንደገና ሳይክል ልሞክር ብዬ ስነሳ እጄ ላይ 14 ሺህ ብር ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ከመግዛትሽ በፊት እኒያን ሰውዬ አማክሪ» ብላ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ወሰደችኝ።

ጋሼ ከሸራ ጥላ ሥር ተቀምጠው ራጂ (የጎማውን ቀጫጭን ሽቦዎች) ያጠብቃሉ። አጠገባቸው ለሽያጭ የቆመ ሳይክል አለ። ካቻምና የገዛሁትን የሚመስል፣ ሞላው ከፊትም ከኋላም፣ ገና አዲስ ነው። ዋጋውም እኔ ከያዝኩት ብር ጋር ይቀራረባል። ልሞክር ብዬ ሳይሆን አይቀርም ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። «ይኼስ እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ መጀመሪያ መንገድሽን ንገሪኝ» አሉኝ።

እስካሁን ሳይክል ስገዛ ማንም መንገዴን ጠይቆኝ አያውቅም። የት እንደምኖር፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምሄድ፣ ቦርሳዬ ምን እንደሚይዝ፣ ሳይክሉን ማታ የት እንደማሳድር ጠየቁኝ። ደረጃ እየወጣሁ ቤት ውስጥ እንደማስገባው ስነግራቸው ያንን አዲሱን ሳይክል በአንድ እጄ እንዳነሳው አደረጉኝ። አልቻልኩም። «ታዲያ በየቀኑ ይኼን ልትሸከሚ ነው?» አሉኝ። በርካሽ ሳይክል ላይ የኋላ ሞላ ክብደት ከመጨመር በቀር ለአስፋልት ምንም እንደማያደርግ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ቡሽ ቶሎ እየተበላ እንደሚንቀጫቀጭ አስረዱኝ። በደንብ የተሠራ ባለ ሁለት ሞላ ሳይክል አለ፤ ግን ዋጋው ከእኔ ዓይነት ሰው አቅም በላይ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ያ ሳይክል የቆመው ለሽያጭ ነው። ዝም ቢሉ እኔ እከፍል ነበር፣ እሳቸውም ድርሻቸውን ያገኙ ነበር።

«ያገለገለ ፈልጊ፤ ሳትገዢ ግን አሳይኝ» ብለው ሸኙኝ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። የመጀመሪያውን ሳይክል ይዤላቸው የሄድኩት በጣም ወድጄው ነው። ጋሼ ገለበጡትና ከመሪው ሥር፣ ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) የሚጋጠምበትን ቦታ በጨርቅ ጠረጉ። ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። «ይኼ ጭረት አይደለም፣ ስንጥቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ከተከፈተ ፊትሽን ነው የሚያስመታሽ» አሉኝ። እዚያው መለስነው። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ ዋጋውም ደህና። ነገር ግን ሻጩ ወረቀት የለውም። ከፔዳሉ ሥር ቴላዮው ላይ የሚመታው ቁጥርም በመሞረጃ ተፍቋል። ጋሼ አንድ ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ጠርገው ተቀመጡ። ያገለገለ ሳይክል የምትገዙ ሁሉ ያን ቁጥር እዩ። የሰው ንብረት እንዳትገዙ።

ሦስተኛው አሁን የምነዳው ነው። ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ የብረት ቴላዮ፣ ፊቱ ደረቅ ሹካ፣ ሞላ የሚባል ነገር የሌለው። ቀለሙ ደብዝዟል። ስመለከተው ልቤ አልሞላም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ጋሼ ግን ፊታቸው በራ። ብረት ቢሰበር ብየዳ ቤት ሞልቷል፤ አሉሚኒየም ግን ሁሉም በያጅ አይነካውም አሉኝ። ባለ 26 ጎማ ደግሞ ከመነዳሪውም (የውስጥ ጎማው) ሆነ የውጭ ላስቲኩ በከተማው በቀላሉ ይገኛል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። የቴላዮው አግዳሚ ብረት ላይ ሁለት እግሬን ዘርግቼ እንድቆም አደረጉኝ፤ በመካከል ሦስት አራት ጣት ክፍተት ተገኘ። ካቻምና የገዛሁት ላይ ይኼ ክፍተት አልነበረም። ለካ ሲቆም ሁሉ ወደ ጎን የሚጥለኝ ለዚያ ነው። ኮርቻውንም አስተካከሉልኝ። ተረከዜን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ወደ ታች ስዘረጋው ጉልበቴ ቀጥ እስኪል ድረስ ከፍ አደረጉት። ስነዳ የምረግጠው በፊተኛው የእግሬ ክፍል ስለሆነ ያኔ ጉልበቴ ትንሽ ይታጠፋል። ኮርቻ ዝቅ አድርጎ ዳገት መውጣት ጉልበት ይጎዳል አሉኝ። ሴቶች፣ ይኼን ልብ በሉ። መሬት በደንብ ልርገጥ እያልን ኮርቻውን ዝቅ የምናደርገው ብዙ ነን።

ከሁሉም ያስገረመኝ የማርሹ ነገር ነው። እኔ የማውቀው ተለጥፎ የሚታየውን 21 የሚል ቁጥር ብቻ ነበር። ጋሼ ሳይክሉን ገልብጠው በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ጥርሶቹን ቆጠሩ። ከፔዳሉ ጋር ያለው ትንሹ ማርሽ 24 ጥርስ አለው። ከኋላ ትልቁ 28። ከዚያ ፔዳሉን በእጄ አንድ ዙር እንዳዞር አደረጉኝ። ጎማው አንድ ዙር ሳይሞላ ቆመ። «አየሽ? ዳገት የሚያወጣሽ ይኼ ነው እንጂ 21ዱ አይደለም» አሉ። 21 ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7፣ ሲባዛ ነው። ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ናቸው። ሳይክል ልትገዙ ስትሄዱ በመጀመሪያ የፊቱን ትንሽና የኋላውን ትልቅ ቁጠሩ። የፊቱ ከኋላው ካነሰ ለጎንደር ይሆናል።

ፍሬኑ ዲስክ አይደለም። ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ዓይነት ነው። «ዝናብ ላይ ዲስክ አይሻልም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይሻላል» አሉኝ፣ ሳይሸፋፍኑ። ግን በያዝኩት ብር የሚገኘው ዲስክ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይጣመማል፤ በዘይት የሚሠራው ደግሞ አየር ከገባበት ማስወጫ መሣሪያ ይፈልጋል። የላስቲኩን ግን እኔ ራሴ መቀየር እችላለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ ቀይሬያለሁ። ቸርኬውንም ለብቻው ፈተሹት። በጣታቸው ጎኑን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው መሐሉ አለመጎድጎዱን አረጋገጡ። ላስቲኩ ከአሸዋ ጋር እየፈጨ ብረቱን ስለሚያሳሳው ነው።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኩት። ከአንዱ ፒን ጀምሮ 24 አንጓ ሲቆጠር አዲስ ካቴና 30.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው የሚሆነው። የእኔው 30.8 ደረሰ። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን ያደርጋል እንዳትሉ። እንዲህ የተለጠጠ ካቴና የማርሹን ጥርስ እየበላ ይሄዳል፤ ያኔ ሁሉንም መቀየር ይመጣል። ሻጩ ፊት ይኼን አሳይተው ከዋጋው ላይ አስቀነሱልኝ።

በ9,500 ብር ገዛሁት። ካቴና፣ የፍሬን ላስቲክና ገመድ፣ ሁለት ፓራፋንጎ (ጭቃ መከላከያ)፣ የኋላ አንጸባራቂ እና ብዙ ጥርስ የሌለው ለአስፋልት የሚሆን የኋላ ጎማ ተጨምሮ፣ ከነእጅ ሥራው 13 ሺህ አልሞላም። በቀረው ሄልሜትና የፊት መብራት ገዛሁ። ጋሼ ከሻጩ ድለላ አልተቀበሉም። ከእኔም የወሰዱት የሠሩበትን ብቻ ነው። ላገላበጧቸው ሁለት ሳይክሎች ብር ልሰጣቸው ስል «ለማየት ምን ይከፈላል?» ብለው እጄን መለሱ።

ከግንቦት ወዲህ ሕይወቴ ተቀይሯል። ጠዋት ከ12:30 በኋላ እወጣለሁ። የቢራ ፋብሪካውን አልፌ፣ ማራኪን አልፌ፣ ፒያሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅብኛል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱኝ። ሁለት ቦታ ወርጄ እገፋ ነበር። ጋሼ «መግፋት ነውር አይደለም፤ በትንሹ ማርሽ ቀስ በይ፣ ከመኪና ጋር አትሽቀዳደሚ» ብለውኝ ስለነበር አላፈርኩም። በሐምሌ ሙሉውን ሳልወርድ ወጣሁ። ያን ዕለት የፋሲል ግቢን ግንብ ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ማታ ቁልቁል ስለሆነ ከ40 ደቂቃ በታች ነው።

ክረምቱ የራሱ ትምህርት ነበረው። ቸርኬው እርጥብ ሲሆን ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ አይዝም። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀስ አድርጌ እየያዝኩ ውሃውን አስጠርገዋለሁ። ከዚያ ነው የምወርደው። ይኼንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ሰኔ ላይ ጠርተው፣ ውሃ አፍስሰውበት፣ አሳይተውኝ። በኮብልስቶኑ ደግሞ ብሎን ይላላል። በወር አንድ ጊዜ ሁሉንም እነካካለሁ። የጎማው ንፋስ ጎኑ ላይ ተጽፏል። የእኔው ከ40 እስከ 65 PSI (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል፤ 50 ላይ አደርገዋለሁ። በጎሚስታ የመኪና መጭመቂያ አስነፍቼ አንድ ጊዜ ከመነዳሪ ፈንድቶብኛል። ከዚያ ወዲህ የእጅ ፖምፓ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳር ላይ ሥራ ስገባ ጎማዬ ተነፈሰ። ደውዬ «ምን ላድርግ?» ስላቸው መጥተው ሊሠሩልኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በስልክ እየነገሩኝ ራሴ ፈትቼ፣ ሚስማሩን አግኝቼ፣ ለጥፌ ገጠምኩት። ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀብኝ። ስጨርስ «እንግዲህ ከእኔ ተላቀቅሽ» አሉኝ በደስታ። ደንበኛውን ከራሱ ለማላቀቅ እንዲህ የሚደክም ባለሙያ እኔ አላጋጠመኝም።

እናቴ ሳይክሉን ስታየው መጀመሪያ «ሴት ልጅ በዚህ መንገድ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ከተራ ላይ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ መንገዱ በሰው ሞልቶ ባጃጅ ሲጠፋ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ በጊዜ ቤት ደረስኩ። ያኔ ዝም አለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ሄልሜቴን የምታቀብለኝ እሷ ናት። ለጋሼም ድርቆሽ ልካላቸዋለች።

ወደ እሳቸው ለመሄድ ያሰባችሁ ይኼን እወቁ። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ናቸው፤ ትክክለኛውን ቦታ በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ ፈቅደውልኝ እነግራችኋለሁ። በዓል ቀን አይሠሩም። ችኮላ አይወዱም፤ ሳይክሉን ጥላችሁ በሰዓት ውስጥ ውሰዱ የሚሏችሁ ዓይነት አይደሉም። ዕቃ ከሌላቸው የለም ይላሉ፤ የማይሆን ዕቃ አይገጥሙላችሁም። ገዝታችሁ ከመሄድ ሳትገዙ ብትሄዱ ይመረጣል። በማለዳ ሂዱ፤ ከረፋድ በኋላ ሰልፍ አለ። መንገዳችሁን ደግሞ አስባችሁበት ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ቅዳሜ ካቴናውን ላስለካ እመጣለሁ።