ለሻካራ ፀጉር ውሻ ባለ ሁለት ገጽ ማበጠሪያ፦ አንድ የጅማ ክረምት ከሠራ በኋላ

ማበጠሪያው በአንድ በኩል 9፣ በሌላው 17 ጥርስ አለው። ጥርሶቹ እንደ ማጭድ የጎበጡ ናቸው፤ ስለቱ በውስጥ በኩል ነው፤ ቆዳ የሚነካው ጫፍ ግን ድቡልቡል ነው። የተሠራው ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላለው ውሻ ነው።

ጅማ ላይ ዝናቡ ስለሚረዝም የትልቅ ውሻ የውስጥ ፀጉር በቶሎ አይደርቅም። እርጥበት ይዞ ሲቆይ ይቋጠራል፣ ይሸታል፣ ሥሩ ያለው ቆዳም ይቀላል። ስለዚህ ዕቃውን የመዘንኩት በማሳመሩ ሳይሆን የሞተውን ፀጉር አውጥቶ አየር በማስገባቱ ነው። በዚህ በኩል ከጠበቅኩት በላይ ሠርቷል።

ብዙ ሰው የሚስተው ቅደም ተከተሉን ነው። ማበጠር ከማጠብ ይቀድማል፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል፣ ሳሙናውም ውስጡ ይቀራል። ጭቃ ካለ ይድረቅ፤ የደረቀ ቀይ አፈር በእጅ ሲታሽ ይረግፋል። ከዚያ ፀጉሩን በግራ እጅ ወደ ላይ ገልጦ ቆዳው እስኪታይ መስመር ማውጣት፣ ከመስመሩ በታች ያለውን በ9ኙ ጥርስ ወደ ፀጉሩ አቅጣጫ አጠር አጠር አድርጎ መሳብ። ቋጠሮ ሲያጋጥም ሥሩን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞ ከጫፉ መጀመር ነው። ሥሩ ካልተያዘ ቆዳው ይጎተታል፤ ውሻውም በሌላ ቀን ማበጠሪያውን ሲያይ ይሸሻል። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብት፣ ከአንገት ማሰሪያ ሥርና ከጭን ኋላ ሁልጊዜ ይፈተሹ። በክረምት በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በበጋ አንድ ጊዜ ይበቃል።

የ17ቱ ጎን ፈጣን ነው፤ አደጋውም እዚያው ነው። ከተጫኑት ወይም አንድ ቦታ ላይ ከደጋገሙት የላዩን ሻካራ ፀጉር ይቆርጣል፤ ዝናብ የሚመልሰው ደግሞ እሱ ነው። የሚወጣው ለስላሳና ነጣ ያለ ከሆነ ልክ ነው። ወፍራምና ረጅም ፀጉር መምጣት ሲጀምር ማቆም ይገባል።

ለፊት፣ ለሆድና ለጅራት አይሆንም፤ እዚያ ተራ የብረት ሚዶ ይሻላል። መዥገርም አስቀድሞ በጣት ተዳስሶ ይፈለግ፤ ጥርሱ ካገኘው ገላውን ቆርጦ አፉን ቆዳ ውስጥ ያስቀራል። በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል እንጂ ነጭ ጋዝ መቀባት ፈጽሞ አይገባም፦ ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሻው ሲልሰውም ይመርዘዋል።

ጥርሶቹ አልዛጉም። የዛገው ጥርሶቹን ያሰረው ፒን ነው፤ የእጀታው ጎማም መላቀቅ ጀምሯል። ከሥራ በኋላ ፀጉሩን አራግፎ፣ አድርቆ፣ ፒኑ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ዝገቱን አቁሞታል። የ17ቱ ስለት ግን ደንዝዟል፤ አሁን ከመንሸራተት ይልቅ ይጎትታል። የ9ኙ ጎን እንደ አዲስ ነው።

ፀጉሩ አጭር ለሆነ ውሻ ይህ አያስፈልግም፤ የጎማ ብሩሽ ይበቃዋል።