ለጣና ዳር ወፎች የሚመች ባይኖኩላር

ባሕር ዳር ላይ ወፍ ለሚመለከት ሰው 8×42 የተጻፈበትን ባይኖኩላር ከ10×42ው አስበልጬ እመክራለሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የማጉላት አቅሙን፣ ሁለተኛው የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር የሚገልጽ ሲሆን፣ 42 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊሜትር የብርሃን መውጫ (ከባይኖኩላሩ ወደ ዓይን የሚወጣው የብርሃን ክብ ስፋት)፣ ጎሕ ሲቀድ ደንገሉ ገና ጥላ በሆነበት ሰዓት የወፏን ቀለም ለመለየት በእጅጉ ይረዳል። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ ሲጓዙ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል፤ ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር የእጅም የጀልባም ንዝረት አብሮ ስለሚጨምር፣ በ10 እጥፉ ስትንቀጠቀጥ የነበረችው ነጭ ፔሊካን በ8ቱ ረጋ ብላ፣ ከምንቃሯ ሥር ያለው ቢጫ ከረጢት ሳይቀር ይታያል።

ቤት ውስጥም አገልግሎቱ አያንስም። የእኔው ከ2 ሜትር ጀምሮ አጥርቶ ስለሚያሳይ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጎጆ ሠሪው ወፍ የሣሩን ዘለላ በምንቃሩ ሲቋጥርና ሲያጠብቅ እከታተላለሁ፤ ይህን ያህል የሚያስደስተኝ ነገር ጥቂት ነው።

አብሮት የመጣው ማንገቻ ግን ቀጭን በመሆኑ በረጅም የእግር ጉዞ አንገት ያሳምማል፤ ሰፊ ማንገቻ ለብቻው መግዛት ይሻላል። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰውም የማያ ጎማውን ወደ ውስጥ መልሶ፣ ምስሉ ሙሉ ሆኖ እንደሚታየው ሳያረጋግጥ ገንዘቡን እንዳይከፍል አሳስባለሁ።