የ900 ብሩና የ150 ብሩ ፊውዝብል ሊንክ፦ የትኛው ያዋጣል?

የኮሮላዬ ገመድ ከተቃጠለ ወዲህ፣ እዚህ አዳማ አሮጌ መኪና የሚነዱ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሡብኛል፤ ከባትሪው ራስ አጠገብ የሚታሰረው ፊውዝብል ሊንክ (ሾርት ሲፈጠር ቀድሞ ቀልጦ ዋናውን ገመድ የሚያድን ቁራጭ ገመድ) ሲቀልጥ ኦርጅናሉን በ900 ብር መግዛት ይሻላል ወይስ የ150 ብሩ ኮፒ ይበቃል? መልሴ ግልጽ ነው፤ ኦርጅናሉን ግዙ። እሱ ከታጣም ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ኦርጅናል ከአዲስ ኮፒ ይበልጣል፤ እኔ ሁለተኛውን ጊዜ ያገለገለውን በ400 ብር ገዝቼ እስካሁን እየሠራልኝ ነው።

ሊንኩ ከሚጠብቀው ገመድ ሆን ተብሎ እንዲቀጥን የተደረገ አጭር ገመድ ነው። ዋናው ገመድ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሊንኩ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በሁለቱም ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ አንድ ስለሆነ ቀጭኑ እጅግ ፈጥኖ ይግላል፣ ሾርት ሲፈጠርም ዋናው ገመድ ከመንደዱ በፊት እሱ ይቆረጣል። ለአፍታ የሚመጣን ጭነት ግን ችሎ ያሳልፋል። ከዚህ የማይተናነሰው ልባሱ ነው፤ መዳቡ ውስጥ ለውስጥ ሲቀልጥ እንዲያብጥ እንጂ እንዳይቀጣጠል ተብሎ እሳት ከሚቋቋም ጎማ የተሠራ ነው።

ኮፒው የጎደለው እነዚህን ሁለቱንም ነበር። 150 ብሩን ከፍዬ ካሳሰርኩ ከሁለት ወር በኋላ፣ ወደ ሞጆ ስሄድ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ቆሜ ኮፈኑን ስከፍት የሊንኩ ልባስ እንደ ሻማ እየነደደ ይንጠባጠብ ነበር። የባትሪውን ገመድ በመፍቻ እስክነቅል ድረስ የገመዱ ጥቅል እስከ ፊውዝ ሳጥኑ ተያይዞ ነደደ። ኋላ ከእሳቱ የተረፈውን ጫፍ በምላጭ ልጬ ሳየው መዳቡ ከዋናው ገመድ እኩል ወፍራም ነበር፤ ማለትም የተሸጠልኝ ሊንክ ተብሎ የተጠራ ተራ ገመድ ነው። ለአዲስ ገመድና ለኤሌክትሪሺያኑ እጅ 14,500 ብር፣ መኪናውን ለማስጎተት ደግሞ 2,000 ብር ወጣ። 750 ብር ያዳንኩ መስሎኝ 16,500 ብር ከፈልኩ።

አንዳንድ ባለሙያ ደግሞ ለ30 ብር ተራ ሽቦ ቆርጦ ያገናኛል። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው የሚያጓጓ ቢሆንም በምንም ምክንያት አትቀበሉት፤ ያ ሽቦ ባለበት ዋናው ገመድ ጠባቂ የለውም። በሊንኩ ፈንታ በቦሎን የሚታሰረው ሳጥን መሰሉ ፊውዝ ጥሩ ነው፣ መቅለጡም ውስጡን በሚያሳየው ክዳኑ በኩል ይታያል፤ ነገር ግን ለገመድ ሊንክ በተሠራ አሮጌ መኪና ላይ መያዣውን መግጠም ተጨማሪ ወጪ ስለሚጠይቅ እኔ አልመረጥኩትም።

ሱቅ ስትሄዱ የቀለጠውን አሮጌ ሊንክ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመዳቡን ውፍረትና ርዝመቱን አስተያዩ፤ ባለሱቁ ከፈቀደም ከጥቅልሉ ትርፍራፊ ቆርጣችሁ ከመኪናው ርቃችሁ ልባሱን በክብሪት ፈትኑት። ነበልባል ይዞ የሚንጠባጠብ ከሆነ መልሱለት። ያገለገለ ከሆነ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ በቀስታ ሳቡት፤ እንደ ላስቲክ ከተለጠጠ ውስጡ ተበጥሷል፣ ልባሱ ያበጠውንም አትውሰዱ።

አዲሱን ከማሳሰራችሁ በፊት ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ የቀለጠበትን ምክንያት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። በእኔ መኪና ገመዱ የዲናሞውን መያዣ ብረት እየታከከ ልባሱ ተልጦ ነበር፤ ያ ሳይጠገን ቢቀር ኖሮ የ900 ብሩም ሊንክ በዚያው ቀን ይቀልጥ ነበር።