የአምስት ቀኑ የወባ ምርመራ ማደሻ ሥልጠና፦ ወድጄዋለሁ፣ ግን…

በአንድ ቆላማ ወረዳ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። ባለፈው ወር የወሰድኩት ሥልጠና እስካሁን ከተቀመጥኩባቸው ሁሉ ይሻላል፤ አሠልጣኛችን በሁለተኛው ቀን ፕሮጀክተሩን አጥፍተው ስላይድ (ደም የሚቀባበትን መስታወት) አስያዙን።

እኔ ለዓመታት ጊምሳውን፣ ማለትም ተሕዋስያኑ በማይክሮስኮፕ እንዲታዩ ደሙ የሚቀለምበትን ቀለም፣ በቧንቧ ውሃ ስበጠብጥ ኖሬያለሁ። እሳቸው የአንድ ሰው ደም በሁለት ስላይድ ላይ በስሱ አስቀብተው፣ አንዱን በቧንቧ ውሃ፣ ሌላውን ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 7.2 ላይ እንዲጸና በተደረገ የበፈር ውሃ በተበጠበጠ ጊምሳ አስቀለሙን። የመጀመሪያው ጭጋግ ነው። በሁለተኛው ላይ ግን ከወባ ዓይነቶች አንዱ የሆነው የቫይቫክስ መለያ የሆኑት፣ በቀይ የደም ሴሎች ላይ የሚታዩት የሹፍነር ነጠብጣቦች እንደ በርበሬ ብናኝ ቁልጭ ብለው ታዩ። አፈርኩ። ስንቱን በሽተኛ በተሳሳተ ውጤት ሸኝቼ ይሆን?

ቆጠራውን ቀድሞም አውቀዋለሁ፦ 200 ነጭ የደም ሴል እስኪሞላ ጥገኛ ተሕዋስያኑን ቆጥሮ በ8000 (በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ይኖራል ተብሎ በሚገመተው የነጭ ደም ሴል ብዛት) ማባዛት፣ ለ200 ማካፈል። «ወባ የለም» ለማለት ቢያንስ 100 የእይታ መስክ ማየት ግድ ነው። በገበያ ቀን 60 ሰው ተሰልፎ እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው «እሱን ለአለቃህ ንገር» ብለው ሳቁ።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ማይክሮስኮፕ ለአራት ሰው መሆኑ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ደግሞ በመስኮት ብርሃን የሚሠራ መስታወት ያለው አሮጌ ማይክሮስኮፕ ባይገኝ ቀኑ በከንቱ ያልፍ ነበር። ከተመለስኩ በኋላም ስላይዶቼን ዳግም አይቶ ውጤቴን የሚያረጋግጥልኝ ሰው አልመጣም።

ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ። የበፈር እንክብል እንዲገዛልን ጠይቄያለሁ፤ እስካሁን አልደረሰም።