ትምህርቱ ይቀጥል፣ ወረቀቱ ይነሣ

ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጫ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን የእህቴን ልጅ ካስገባኋት አራት ወር ሆነ። ክፍያው በወር 900 ብር ሲሆን፣ ትምህርቱ በሳምንት ሦስት ቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ይሰጣል። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ አመሻሽ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ግን ያስቸግራል።

የሒሳብ መምህርቷን ሳላመሰግን አላልፍም። ክፍልፋይን የምታስተምረው ዳቦ በቢላ እየከፋፈለች ነው፤ ልጅቷ ደብተሯን በክንዷ ሸፍና አንገቷን ስትደፋ ካየች፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ «አብሽሪ፣ እንደገና እንየው» ትላታለች። ሦስት አራተኛ ከሁለት ሦስተኛ እንደሚበልጥ እስኪገባት ድረስ ሁለት ሳምንት ሲፈጅ፣ መምህርቷ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችባትም።

ቅሬታዬ በየወሩ መጨረሻ በሩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ነው፤ የልጆቹ ስም «ጎበዝ»፣ «መካከለኛ» እና «ሰነፍ» ተብሎ በሦስት ረድፍ ይጻፍበታል። አማርኛችን ራሱ እዚህ ላይ ይበድላል፤ መሥራት የማይፈልገውንም ሆነ እየሠራ የማይገባውን በአንድ ቃል «ሰነፍ» ስለሚል፣ ዘግይቶ የሚገባው ልጅ ያልሠራውን ጥፋት ይሸከማል። የቤት ሥራውን ትቶ ሲጫወት የዋለውን ይገሥጹት፤ አልቃወምም። የአእምሮውን ፍጥነት መርጦ የተወለደ ግን የለም። እናት በእርግዝናዋ ወቅት አዮዲን ሲያጥራት የልጁ የማሰብ ችሎታ ሊጎዳ እንደሚችል ሐኪሞች ያውቁታል፤ አዮዲን የተጨመረበት ጨው የሚመከረውም ለዚህ ጭምር ነው። በሕፃንነት ምግብ ማጣት የሚያስከትለውንም ጉዳት፣ የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ላየ ወሎዬ ማስረዳት አያስፈልግም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ በር ላይ መለጠፍ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ኃላፊውን ባነጋግራቸው «ለማነቃቃት ነው፤ እርስዎስ በዚሁ አይደል የተማሩት?» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በዚሁ ተምሬ ክፍልፋይን እስከ ዛሬ እፈራለሁ። በ1905 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ያዘጋጀው ተጨማሪ እገዛ የሚያሻቸውን ልጆች ለመለየት ነበር። እዚህ እገዛው በሚገባ እየተሰጠ ስድብ ለምን እንደሚጨመርበት አልገባኝም፤ በዚህስ እኔንም በሦስተኛው ረድፍ ይጻፉኝ።

ልጅቷን አላስወጣኋትም። በወሩ የመጨረሻ ቀን ግን ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት ደርሼ ወደ ቤት እወስዳታለሁ።