ጥላ ለበዛበት ግቢ ረጃጅም አበባ፦ ከጥቁር ውሃ መንገድ ገባ ያለው ችግኝ ቤት

ሀዋሳ ውስጥ የአበባ ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ሞልቷል። አስፋልት ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ፣ ሁሉም ፈክቶ ታዩታላችሁ። አብዛኛው ግን ፀሐይ ላይ ያደገና ፀሐይ የሚፈልግ ነው። ግቢያችሁ እንደኔ በአቮካዶና በዋንዛ የተሸፈነ ከሆነ፣ መንገድ ዳር ያማረው ነገር ቤት ሲገባ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለጥላ ቦታ የሚሆን ችግኝ ለይቶ የሚያሳድግ ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። እኔ አግኝቻለሁ፤ ወደ ጥቁር ውሃ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሰሌዳ እንኳ የሌለው ቤት ነው። ሰፈርተኛው «እማማ ጋ» ይለዋል።

እማማ ቶሎ አይሸጡም። መጀመሪያ ይጠይቃሉ። «ልጄ፣ ፀሐዩ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት የሚገባሽ? ውሃ ስታፈሺበት ይተኛል ወይስ ወዲያው ይጠፋል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ለሀዋሳ ሰው ወሳኝ ናት። እዚህ ብዙ ሰፈር አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ያ ነጭ፣ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎበታል። ውሃ አይዝም። ክረምቱን ሙሉ ዘንቦ እንኳ ከሳምንት በኋላ ላዩ አመድ ይሆናል። ሐይቅ አጠገብ መኖራችን ግቢያችንን እርጥብ አያደርገውም። እርጥብ ቦታ በኮምፖስትና በቅጠል ልብስ የሚሠራ ነገር ነው። የኔ ጥግ ከጣራ የሚወርደው የዝናብ ውሃ የሚያርፍበት ስለሆነ ግማሹ ሥራ ቀልሎልኛል። ይህን ስነግራቸው ቀጥ ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ጓሮው ነው የቤቱ ሀብት። ችግኞቹ የሚያድጉት በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አፈሩ ጥቁርና ልል ነው፤ የበሰበሰ የቡና ገለፈት ይቀላቅሉበታል። ከዚያ የመጣ ችግኝ ጥላ ላይ ስትተክሉት አይደነግጥም።

እዚያ ካገኘኋቸው ሁሉ የምወደው እንሶስላ ነው። አብዛኞቻችን እንሶስላን የምናውቀው በሠርግ ነው፤ ሥሩ ተወቅጦ ሙሽራዋና ጓደኞቿ እጅና እግራቸውን የሚሞቁት። አበባውን ያየ የከተማ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ ሊያስቆጨን ይገባል። የራሳችን አገር በቀል ተክል ነው፤ በኢትዮጵያና በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በጫካ ዳርና በወንዝ ዳር ጥላ ለጥላ ይበቅላል። እስከ 2 ሜትር ይቆማል። ሳይንሳዊ ስሙ ኢምፓሺየንስ ቲንክቶሪያ ይባላል። እንግሊዝ አገር ያሉ አትክልተኞች እንኳ ብርዱ ሥሩን እንዳይገድለው እያለበሱ ያሳድጉታል። እኛ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነገር ፍለጋ እንንከራተታለን።

አበባውን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ሰፋፊ ነጭ ቅጠሎች አሉት፤ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ቀለም ተረጭቷል። ከኋላው እንደ ክር የቀጠነ ረጅም ጭራ ወርዷል፤ ማሩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ንብ እዚያ ድረስ አትደርስም። ሲመሽ ሽታው ይነሳል። ያኔ ረጅም ምላስ ያለው ትልቅ የእሳት እራት ይመጣል፤ አየር ላይ እንደቆመ ይጠጣል። ፍሬው ሲበስል በጣት ከነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይረጫል፤ ልጆቼ ለዚህ ብቻ ብለው ነው ውሃ የሚያጠጡልኝ።

አተካከሉን እማማ በደንብ ያስረዳሉ። ሥሩን አራት ጣት ያህል ቅበሩት፣ ኮምፖስት አትንፈጉት፣ ከላይ ደረቅ ቅጠል አልብሱት። የጠዋት ፀሐይ ይበቃዋል። የከሰዓት ፀሐይ ካገኘው ግንዱ ውሃ የሞላ ስለሆነ ወዲያው ይጠወልጋል። ሀዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ለሱ ሞቅ ትልበታለች፤ ስለዚህ በጥላውና በውሃው አትቀልዱ። በጋ ሲገባ ከላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ይወድቃል። «ሞተ ብለሽ እንዳትነቅዪው! ተኝቶ ነው» ብለው ደጋግመው ያስጠነቅቃሉ። ቦታው እንዳይጠፋባችሁ እንጨት ትከሉበት። ዝናብ ሲጀምር ራሱ ይወጣል።

ካላ ሊሊም አላቸው። ከደቡብ አፍሪካ አካባቢ የመጣ ተክል ነው። ለጣራ ውሃ ማረፊያ ከሱ የሚሻል የለም፤ ረግረግ ውስጥ እንኳ ይቆማል። ነጩ ነገር የተጠቀለለ ቅጠል ነው፤ እውነተኞቹ አበቦች መሐል ባለው ቢጫ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ደቃቆቹ ናቸው። ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ይቆያል። ግን ሕፃን ወይም ፍየል ያለበት ቤት ይጠንቀቅ፤ ቅጠሉም ሥሩም ሲታኘክ አፍን ያቃጥላል፣ ምላስን ያሳብጣል።

ሌላው የዝንጅብል ዘመድ የሆነው ረጅሙ ነጭ አበባ ነው። ሽታው ግቢውን ሁሉ ይሞላል፤ ጥላና እርጥበትም ይወዳል። እኔ ግን አልገዛሁትም። ከሂማላያ አካባቢ የመጣ ነው፤ ብራዚልና ሃዋይ ላይ ወንዝ ዳር ገብቶ ሌላውን ተክል አላስቆም ብሏል። እንቦጭ ጣና ላይ ያደረገውን ያየ ሰው ሐይቅ ዳር ላለ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አይመርጥም። እማማ ይህንን ባይሸጡ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነግሬያቸዋለሁም። ካና የሚባለውን ፀሐይ ወዳድ አበባ ለሚጠይቅ «ላንተ ግቢ አይሆንም፣ ፀሐይ የለህም» ብለው ሲመልሱት ሰምቻለሁ። ገንዘብ እያለው የመጣን ሰው እንዲህ የሚመልስ ነጋዴ ብርቅ ነው።

የማይመቹ ነገሮችም አሉ። ምንም ላይ ስም አይጻፍም። እሳቸው ከሌሉ ልጃቸው ሥሮቹን እርስ በርስ ያምታታል፤ ስለዚህ እሳቸው ያሉበትን ሰዓት ጠብቁ፤ ጠዋት ይሻላል። አንዳንዱ ካላ ፕላስቲኩ ውስጥ በጣም ቆይቷል፤ ሥሩ ተጠማዞ ታች ወጥቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩ። የበቀለውን እንሶስላ በባጃጅ መጫን ደግሞ ከባድ ነው፤ ግንዱ ትንሽ ሲነካ ጧ ብሎ ይሰበራል። ሥሩን መግዛት ይሻላል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ አንዱን ሥር በ150 ብር ነው የገዛሁት፤ ጫፉ ላይ ቡቃያ ያለውን መርጠው ሰጡኝ። ከመንገድ ዳር ችግኝ ጋር ሲወዳደር ውድ ነው የሚል ይኖራል። በየዓመቱ ራሱ ለሚመለስ ተክል ግን አልበዛም እላለሁ። በቴሌብርም ይቀበላሉ።

የእንሶስላ ሥር ሁልጊዜ አይገኝም። የሚያወጡት ተክሉ ደርቆ ከተኛ በኋላ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጠና ነው። የካቲት ላይ ሄዳችሁ ተናገሩና አስቀምጡልኝ በሉ፤ ስልካችሁን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ሲያወጡ ይደውላሉ።