ከባሕር ዳር ላሊበላ በ44 ደቂቃ? ስለ አንድ የአየር ርቀት ማስያ

ባሕር ዳር ለሚመጡ እንግዶች የጉዞ ዕቅድ ማውጣት የዕለት ሥራዬ በመሆኑ፣ የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ስም ሲሰጡት ርቀታቸውንና የበረራ ጊዜያቸውን የሚያሳይ አንድ መተግበሪያ በስልኬ ላይ ጭኜ ቆይቻለሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ጉድለቱ የእሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ መሰሎቹ ነውና።

ርቀትን በተመለከተ እንከን አላገኘሁበትም። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ይላል፤ በአብራሪዎች መለኪያ 100 የባሕር ማይል ገደማ መሆኑ ነው። በካርታው ላይ የሚያሰምረው ቀጥታ መስመር ከጣና ደቡባዊ ዳርቻ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ መካከል ያልፋል። መኪና ግን መጀመሪያ ወደ ሰሜን እስከ ወረታ ሄዶ፣ ከዚያ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና ዞሮ የሚደርስ በመሆኑ መንገዱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ችግሩ ያለው ከጊዜው ላይ ነው። ለላሊበላ 44 ደቂቃ፣ 102 ኪሎ ሜትር ለሚርቀው ለጎንደር ደግሞ 38 ደቂቃ ይሰጣል። ርቀቱ በግማሽ ሊቀንስ ምንም ያህል ሳይቀረው ጊዜው በ6 ደቂቃ ብቻ ማነሱ ስላስገረመኝ ስሌቱን ወደ ኋላ ሄጄ ፈተሽኩት። ለመንደርደሪያ፣ ለመነሻና ለማረፊያ ቋሚ 30 ደቂቃ ይይዝና ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት አካፍሎ ይጨምርበታል። ይህ የትልቅ ጄት ፍጥነት ነው፤ በአገር ውስጥ አጫጭር መስመሮች የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ኪው 400 ከፍተኛው ፍጥነቱ በሰዓት 670 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው፣ በዚህ አጭር መንገድ ላይ ደግሞ ገና ከፍታውን ሳይጠግብ መውረድ ይጀምራል። ቋሚው 30 ደቂቃ ስህተቱን ስለሚሸፍንለት ውጤቱ ከእውነቱ እጅግ አይርቅም እንጂ፣ የስሌቱ ዘዴ ትክክል ነው ለማለት ያስቸግራል።

ከዚህ የከፋው በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ መኖር አለመኖሩን አለመናገሩ ነው። ሁለት በዕድሜ የገፉ እህትማማቾች ለገና ላሊበላ ለመሄድ ሲጠይቁኝ፣ ሐይቁ ዳር ካለ ቡና ቤት ተቀምጠን ስልኬን አሳየኋቸውና «44 ደቂቃ ነው» አልኳቸው። ትኬት ስንፈልግ የተገኘው ግን በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር ብቻ ነበር። ታላቂቱ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ላሊበላ ለመሄድ አዲስ አበባን ምን አመጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 333፣ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር፤ ድምሩ 665 ነው፣ የቀጥታው ከሦስት እጥፍ በላይ። በዚያ ላይ የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የመኪና ጉዞም ይጨመርበታል፤ ማስያው ይህንንም አያውቅም።

እህትማማቾቹ አዲስ አበባ አድረው በማግስቱ ላሊበላ ገቡ። ለርቀቱ ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ፣ ለጊዜው 2። አሁን እንግዳ ሲጠይቀኝ፣ ስልኬን ከመክፈቴ በፊት የትኬት ቢሮውን እጠይቃለሁ፤ ታናሺቱ ግን በደወሉ ቁጥር «44 ደቂቃው ደኅና ነው?» ማለታቸውን አልተዉም።